እንጀራው በማን እጅ ያልፋል?

የሰው ገቢና የትምህርት ደረጃ የትኛውን ፓርቲ እንደሚመርጥ ይወስናሉ የሚለው አስተሳሰብ በምዕራባውያን አገሮች የምርጫ ጥናት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ፈረንሳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማ ፒኬቲና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በፈረንሳይ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለግራ ዘመም ፓርቲዎች፣ ማለትም የሀብት ክፍፍልን ለሚያስቀድሙት፣ በብዛት ድምፁን ይሰጥ የነበረው ብዙ ያልተማረው ሠርቶ አደር ሲሆን፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ቦታውን ባለ ዲግሪው ወስዶታል፤ ሀብታሙ ደግሞ በአመዛኙ ከቀኝ ዘመሞቹ ጋር ቀርቷል። ይህ መለኪያ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ ሲሞከር ግን አይሠራም።

የደጋው መሬት ከአብዮቱ በፊት በአብዛኛው የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ በዘር ሐረጋቸው የሚካፈሉት የመሬት መብት ሲሆን፣ ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ከሆነው ከጉልት ይለያል። ስለዚህ «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች መፈክር በደቡብ ላለው ጭሰኛ የነጻነት ጥሪ ሆኖ ሲሰማ፣ በወገራ ወይም በዳባት ለሚያርሰው ደሃ ርስተኛ ግን ከአያቶቹ የወረደውን መብት የሚነካ ነገር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ከታወጀ በኋላ፣ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩምና በቀድሞው የበጌምድርና ስሜን ገዥ በሌተና ጄኔራል ነጋ ተገኝ የሚመራው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢዲዩ፣ በ1969 ዓ.ም. ሁመራንና መተማን እስከ መያዝ ሲደርስ፣ መሣፍንቱን ተከትለው ከተሰለፉት መካከል ከጥቂት ጥማድ መሬት በቀር ሀብት የሌላቸው ገበሬዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በከተማው ሶሻሊስቱን ፓርቲ ኢሕአፓን የተቀላቀለው መምህሩና ተማሪው ነበር። የሀብት መጠን ብቻ የሚወስን ቢሆን ኖሮ አሰላለፉ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። ደሃው ገበሬ የቆመው ስለ ርስቱ ነው፤ ይህንንም እንደ አላዋቂነት የሚቆጥር ጸሐፊ ገበሬውን አልተረዳውም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫም የሚመሰክረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት በአዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት የተመደቡትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ሲያሸንፍ፣ በእነዚያ 23 የምርጫ ክልሎች ውስጥ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የተጨናነቁባቸው መንደሮችም ባለጸጎች የሚኖሩባቸው ሰፈሮችም ይገኙ ነበር፤ በከተማዋ ውስጥ ድሃውንና ሀብታሙን የለየ መስመር አልታየም። ገዥው ግንባር ኢሕአዴግ 327 መቀመጫ ይዞ አብላጫውን ያገኘው በዋናነት በገጠሩ ነው። በከተሜውና በገበሬው መካከል ያለው ልዩነት ከትምህርት ወይም ከገቢ ይልቅ ኑሮው በማን እጅ ያልፋል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የይዞታ ደብተሩን የሚሰጠው፣ ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን የሚያደላድለው፣ ችግር ሲመጣ የሴፍቲ ኔት ተረጂዎችን የሚመዘግበው ቀበሌና ወረዳ ሲሆን፣ የቀበሌው ሹም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፓርቲው ሰው ነበር። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እርዳታ፣ ዘርና ማዳበሪያ የፓርቲ ድጋፍ መሸመቻ ሆነዋል ሲል ከስሶ፣ መንግሥት ክሱን አስተባብሎ ነበር። ማዳበሪያ ሲዘገይ ዓመቱን ሙሉ የሚራብ ቤተሰብ ያለው ገበሬ የሚሰጠው ድምፅ ግን፣ ማንም ሳይዝትበት እንኳ፣ በፍርሃት የታሰረ ነው።

የተማረውም ቢሆን ከዚህ ጥገኝነት አልዳነም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ባለሙያዎች ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚጠብቁት ቀጣሪ መንግሥት ነው። ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በጥቂት ዓመታት የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበረበት ወደ ብዙ ሚሊዮን ሲያሻቅብ፣ መምህራንና ተመራቂዎች ከአባልነት ቅጽ ጋር የተገናኙት በአብዛኛው በሥራና በደረጃ ዕድገት በኩል ነው። ዲግሪው አንዱን ወደ ገዥው ፓርቲ አባልነት፣ ሥራ ያጣውን ሌላውን ባለ ዲግሪ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር ወደተመሠረተውና በዩኒቨርሲቲ ምሁራን ወደሚመራው ወደ አማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ወስዶታል፤ ስለዚህ የትምህርት ዓመታትን ቆጥሮ ፓርቲውን መገመት አይቻልም። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር አደባባይ የወጣው እጅግ ብዙ ሕዝብ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል አከራካሪ በሆነው በወልቃይት ጥያቄ ድምፁን ሲያሰማም፣ ጥሪው የመደብ ልዩነት አልነበረውም።

በጎንደር ደጋ የድሃው ድምፅ የራሱ እንዲሆን የሚሻ ፓርቲ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ ከቅስቀሳው በፊት አንድ ነገር ቃል ይግባ፤ የማዳበሪያ፣ የይዞታ ደብተርና የቅጥር ሥራ ከፓርቲ ሹም እጅ ወጥቶ በሕግ ለሚጠየቅ የሙያ ሠራተኛ ይሰጥ።