ቁጥሩ ስም ነው ወይስ የልደት ቀን?

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ አሮጌ ቦርድ ከፍተን ማንነቱ የማይታወቅ አይሲ ስናገኝ ምን እናድርግ ይላሉ። ለዚህ ወር የመረጥነው ይህንኑ ነው። ከራሳችን ስሕተት ብንጀምር ይሻላል።

አንድ የሙያ መምህር ለተማሪዎቻቸው ማሳያ የሚሆን አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መቁጠሪያ ይዘው መጡ። በቀይ ብርሃን ከሚያሳያቸው አራት አሃዞች አንዱ ጠፍቷል። አብሮን የሚሠራው ወጣት ክዳኑን ፈታ። በየአሃዙ ሥር አንድ አንድ ጥቁር አይሲ ተበይዷል፤ በጀርባውም ሁለት መስመር ተጽፏል። የላይኛው መስመር በእጃችን ባለው የአይሲ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ረጅም ቁጥር ነው። የታችኛው 7432 ይላል። «አገኘሁት ጋሼ!» አለ ልጁ። እኛም አገኘነው አልን። 7432 እኮ የታወቀ አይሲ ነው፤ ኦር ጌት የሚባሉ አራት የሎጂክ በሮችን በውስጡ የያዘ። ሁለት ቀን ተፈልጎ ተገዛ። እንደመጣ እግሩን ብንቆጥር 14 ነው። በቦርዱ ላይ ያለው ግን 16 እግር አለው!

ያን ጊዜ አጉሊ መነጽር አንሥተን ሌሎቹን ሦስቱን አየን። የላይኛው ቁጥር በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የታችኛው ግን በሁለቱ 7432፣ በሁለቱ 7429 ይላል። አንድ ሥራ የሚሠሩ አራት ወንድማማቾች ስማቸው እንዴት ይለያያል? የሚለያየው የልደት ቀናቸው ነው። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች አይሲው የተሠራበትን ጊዜ በአራት አሃዝ ያትማሉ፤ ሁለቱ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለቱ ደግሞ የሳምንቱ ቁጥር ናቸው። 7432 ማለት እ.ኤ.አ. የ1974 32ኛ ሳምንት ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1966 ሲጠባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ወር ገደማ ሲቀራቸው መሆኑ ነው።

ይህ ወጥመድ በተለይ በ1974 በተሠሩ ቦርዶች ላይ የከፋ ነው፤ የዓመቱ ቁጥርና የታወቀው የ74 ቤተሰብ መለያ አንድ ሆነው ተገጣጥመዋልና። 7447 ስም ሊሆን ይችላል፤ የኅዳር ወር ልደትም ሊሆን ይችላል። 7490 ግን ያለጥርጥር ስም ነው፤ 90 ሳምንት ያለው ዓመት የለምና። ከቁጥሩ በፊት ፊደል መኖሩም ይረዳል። ኤስኤን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ ኤምሲ የሞቶሮላ፣ ኤልኤም የናሽናል ሴሚኮንዳክተር መለያዎች ነበሩ። የላይኛው ረጅም ቁጥርስ? ትልልቅ መሣሪያ ሠሪዎች በብዛት ሲያዝዙ የራሳቸውን የመጋዘን ቁጥር ያሳትሙበት ነበር። እንዲህ ያለውን በየትኛውም መጽሐፍ ብትፈልጉ ድካም ነው።

ታዲያ ስሙ ካልተጻፈ በጎረቤቶቹ ይታወቃል። መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅለን በቴስተር ተከታተልነው። አይሲው ጫፍ ላይ ያለውን ጉድጓድ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከግራ ላይኛው እግር ጀምራችሁ ወደ ታች፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ትቆጥራላችሁ። 8ኛው ከግራውንድ፣ 16ኛው ከ5 ቮልት ጋር ተገናኝቷል። (ሁሉም እንዲህ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ከላይ የጠቀስነው 7490 5 ቮልቱን በ5ኛው፣ ግራውንዱን በ10ኛው እግር ነው የሚቀበለው።) ሰባት እግሮች እያንዳንዳቸው በአንድ ሬዚስተር አልፈው ወደ አሃዙ ሰባት መስመሮች ይሄዳሉ። አራት እግሮች ደግሞ ከአንድ 7490 ይመጣሉ፤ እርሱም እስከ ዘጠኝ ቆጥሮ ወደ ዜሮ የሚመለስ ቆጣሪ ነው። በአራት ሽቦ ቁጥር ተቀብሎ ሰባት መስመር የሚያበራ፣ ባለ 16 እግር፣ የ74 ቤተሰብ የሆነ ማን አለ? 7447 ነዋ!

ግምታችንን ጤነኛ በሆነው ጎረቤቱ ላይ ፈተንነው። የ7447 3ኛ እግር የመብራት መፈተሻ ነው፤ ከግራውንድ ጋር ሲነካ ሰባቱም መስመሮች በርተው 8 ይታያል። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ያ እግር በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር ተበይዶ ከሆነ ከግራውንድ ማገናኘት የመሣሪያውን ፓወር ማቃጠል ነው። በእኛ ቦርድ ላይ በሬዚስተር በኩል ስለነበረ ነካነው፤ 8 ወጣ። ልጁ በደስታ ዘለለ።

በጀርባው ላይ ወረቀት የተለጠፈበት አይሲ ካገኛችሁ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስዳችሁ። ወረቀቱን ገለጥ ስታደርጉ 2716 ወይም 2732 የሚል ቁጥርና ትንሽ የመስታወት መስኮት ብታዩ ውስጡ ፕሮግራም የተቀዳበት ነው። ባዶ ካሴት ገዝቶ የጠፋውን ንግግር መስማት እንደማይቻል ሁሉ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነ ባዶ አይሲ መግዛትም አይጠቅምም። መስኮቱንም ቶሎ መልሳችሁ ሸፍኑት፤ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ከሰነበተ የተቀዳው ሊጠፋ ይችላል።

መምህሩ ሊወስዱ ሲመጡ አራቱም አሃዞች ይቆጥሩ ነበር። ወጣቱ ባዘጋጀው ሒሳብ ላይ የ7432ን ዋጋ ጨምሮ አገኘነው። «ለእርሳቸው ዕቃ ብለን አይደል የገዛነው?» አለ። የሰው ዕቃ በእጃችን አማና ነው፤ ሳንቆጥር የገዛነውን እርሳቸው ለምን ይክፈሉ ብለን ሰረዝነው። እግር ሳይቆጥር «አገኘነው» ያለው ልጁ ብቻ አልነበረምና ግማሹንም ከእርሱ አልጠየቅንም። ያ ባለ 14 እግር አይሲ እስከ ዛሬ ከመሳቢያችን ውስጥ አለ።