ሜዳሊያው ተመለሰ፤ ዳኞቹስ?

86 ለ 32። አንዱ ቦክሰኛ ተጋጣሚውን 86 ጊዜ መታ፤ እሱ ደግሞ 32 ጊዜ ተመታ። ማን አሸነፈ? ይሄን ለሰፈራችሁ ልጅ ብትጠይቁት "ታሾፋለህ እንዴ?" ነው የሚላችሁ። በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ ግን ከአምስት ዳኞች ሶስቱ "ባለ 32ቱ ነው ያሸነፈው" ብለው ፈረዱ። (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።)

ታሪኩን በክሊፕ ያያችሁት ብዙ ናችሁ፤ ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቀኑ ኦክቶበር 2፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ያኔ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ በዚያ ኦሎምፒክ ስላልተሳተፈች፣ ለአባቶቻችን ሴኡል ማለት ያልሄድንበት ኦሎምፒክ ነው። በ71 ኪሎ የፍጻሜ ግጥሚያ የተገናኙት የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ ጁኒየርና የአዘጋጇ አገር ልጅ ፓርክ ሲ-ሁን ነበሩ። ጆንስ ሶስቱንም ዙር በእጁ ፍጥነት ተጫወተበት። ውጤቱ ሲነበብ ግን የመሃል ዳኛው ያነሳው የፓርክን እጅ ሆነ፤ 3 ለ 2። ፓርክ ራሱ ግራ ገብቶት ጆንስን አቅፎ ወደ ላይ ሲያነሳው ይታያል።

ፓርክ በሩብ ፍጻሜውም ጣሊያናዊውን ቪንቼንዞ ናርዲዬሎን ያለፈው በዚሁ 3 ለ 2 ነው፤ ያኔም ጩኸት ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ደግሞ፣ ወርቁን የተነፈገው ጆንስ የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የቫል ባርከር ዋንጫ ተሸለመ። በአንድ ውድድር ላይ "ከሁሉም በላይ ነህ፣ ግን ሁለተኛ ነህ" ተባለ ማለት ነው።

ይሄን የድሮ ጉዳይ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 ጆንስ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። ቪዲዮው የተቀረጸው በ2023 ነው፤ ፓርክ ከደቡብ ኮሪያ ተነስቶ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ፣ ወርቁን አውጥቶ "ያንተ ነው" ብሎ ሲሰጠው ያሳያል። ጆንስ አለቀሰ። ቪዲዮው ስልክ ለስልክ ዞረ፣ ኮሜንቱም "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚል ሆነ።

ቆንጆ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያጠፋው ፓርክ አልነበረም፤ ሲያስተካክል የታየው ግን እሱ ነው። የእሱን እጅ ያስነሱት ዳኞች፣ እነሱን መርጦ ያስቀመጠው ማህበር፣ ቅሬታውን ሰምቶ ያለፈው አካል፣ አንዳቸውም ፍሎሪዳ አልሄዱም። የኦሎምፒክ መዝገብ ላይ ዛሬም ወርቁ የፓርክ፣ ብሩ የጆንስ ነው። የምስራቅ ጀርመን የስለላ ፋይሎች ከተከፈቱ በኋላ የጉቦ ጥርጣሬ ተነስቶ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም መርምሮ በ1997 "የሙስና ማስረጃ አላገኘሁም" ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ስለዚህ ጉቦ ነበር ብዬ አልናገርም። የምለው ግን ይሄ ነው፦ ጉቦ ባይኖርም እንዲህ ዓይነት ፍርድ ሊወጣ ይችላል፤ አስፈሪውም እሱ ነው።

ከዚህ በፊት ለዳኞች ልከራከርላቸው፤ የሚገባቸው ነገር አለና። ቦክስ ላይ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ሶስት ቀላል ጃብ ከአንድ አገጭ ላይ ከሚያርፍ ምት ላይበልጥ ይችላል። ዳኛው የሚያየው ከአንድ ጎን ሆኖ ነው፤ እኛ የምናየው በስድስት ካሜራና በስሎውሞሽን ነው። ተንታኙም ጆሯችን ላይ "ኦ! እንዴት ያለ ምት!" እያለ ይፈርድልናል። ስለዚህ ሁለት ሰው አንድን ዙር ተመልክቶ ባይስማማ ሌብነት ነው ማለት አይደለም።

በሴፕቴምበር 2017 ላስ ቬጋስ ላይ የተደረገውን የጌናዲ ጎሎቭኪንና የካኔሎ አልቫሬዝ ግጥሚያ ውሰዱ። አንዱ ዳኛ 115 ለ 113 ለጎሎቭኪን ሰጠ። ሌላው 114 እኩል አለ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው፤ ጨዋታው ቅርብ ነበርና ሁለቱንም መከራከር ይቻላል። ሶስተኛዋ ዳኛ ግን 118 ለ 110 ለካኔሎ ሰጠች። ይሄ ማለት ከ12ቱ ዙር አስሩን ካኔሎ ወሰደ፣ ጎሎቭኪን ሁለት ብቻ አገኘ ማለት ነው። በቡጢ ቆጠራው ደግሞ ጎሎቭኪን 218፣ ካኔሎ 169 ነበር ያሳረፉት። ሶስቱ ካርዶች ስላልተስማሙ ጨዋታው አቻ ተባለ።

ልዩነቱን አያችሁት? "ካኔሎ በአንድ ዙር በለጠ" ያለን ሰው ላልስማማ እችላለሁ እንጂ አልቆጣም። "አስር ለሁለት" ያለን ሰው ግን "እስኪ ዙር በዙር አስረዳኝ" ማለት መብቴ ነው። ችግሩ የሚጠይቀው ወገን ስልጣን የለውም፣ ስልጣን ያለው ደግሞ ሲጠይቅ አይታይም። ዳኛዋ ቁጥሩን ጽፋ ትሰጣለች፤ ማብራሪያውን ጽፋ እንድትሰጥ የሚያደርግ ደንብ ግን የለም።

ወደ ሴኡል ልመለስ። ለፓርክ ከፈረዱት ሶስት ዳኞች አንዱ ከጨዋታው በኋላ ተናገረ ተብሎ በሰፊው የተዘገበ ነገር አለ። ሃሳቡ ሲጠቃለል፦ "ጆንስ በግልጽ አሸንፏል፤ አራቱ ዳኞች ለእሱ እንደሚሰጡ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ አዘጋጅ አገሯን ላለማሳፈር እኔ ለፓርክ ሰጠሁ" የሚል ነው።

እውነት ይሄ ከሆነ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ወዲያው የሚያውቀው በሽታ ነው። ያላወቀም ሰው የሰፈሩን ተረት ያውቃል፦ ለድግስ ሁሉም አንዳንድ ብርሌ ጠጅ ይዞ ይምጣ ተባለ፤ እያንዳንዱ "ሌላው ጠጅ ይዞ ይመጣል፣ የእኔ አንድ ብርሌ ውሃ ማን ያውቀዋል" ብሎ ውሃ ገለበጠ፤ ጋኑ ሲከፈት ውሃ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዳኞች ቡድንም እንደዚያ ነው። አምስት ሰው ሲፈርድ ከአንዱ ሰው የተሻለ ፍርድ ይወጣል የምንለው፣ እያንዳንዱ "የእኔ ድምጽ ወሳኝ ነው" ብሎ ሲሰራ ብቻ ነው። "የእኔ ምንም አይለውጥም" ብሎ ሲያስብ ግን አምስቱ መሆናቸው መደበቂያ ይሆናቸዋል። ቁጥሩ ሲበዛ ሃላፊነቱ ይበተናል።

ከሴኡል በኋላ መፍትሄ ተብሎ የመጣው ማሽን ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ አምስት ዳኞች ቁልፍ ተሰጣቸው፤ አንድ ምት ነጥብ የሚሆነው ቢያንስ ሶስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሲጫኑ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አሪፍ ነው። ግን ቁልፉን የሚጫነው ጣት ያው የሰው ጣት ነው። በ2012 ለንደን ላይ ጃፓናዊው ሳቶሺ ሺሚዙ የአዘርባጃኑን ተጋጣሚውን በሶስተኛው ዙር ስድስት ጊዜ ከወለል ጋር አገናኘው። ውጤቱ ሲነገር 22 ለ 17 አሸናፊው የወደቀው ሰውዬ ሆነ! በይግባኝ ተቀለበሰ፣ የመሃል ዳኛውም ከውድድሩ ተባረረ። ሺሚዙ እድለኛ ነው፤ ስድስት ጊዜ መውደቅ ማንም ሊክደው የማይችል ነገር ስለሆነ።

ከዚያ በ2013 ማሽኑ ቀረና ፕሮፌሽናሎቹ የሚጠቀሙበት "የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው 9 ወይም ከዚያ በታች" የሚለው አሰራር መጣ። ከሶስት ዓመት በኋላ ሪዮ 2016 ደረሰ። አየርላንዳዊው ማይክል ኮንላን በሩብ ፍጻሜ ለሩሲያዊው ቭላድሚር ኒኪቲን ተፈረደበት። "አሸናፊ" የተባለው ኒኪቲን ግን በጉዳት ምክንያት ለግማሽ ፍጻሜው ቀለበት ውስጥ መግባት አልቻለም! ከውድድሩ በኋላ ሪዮ ላይ የዳኙት 36ቱም ዳኞች ታገዱ። በ2021 ይፋ የሆነው የሪቻርድ ማክላረን ምርመራም ውጤት የሚጠመዘዝበት ስርዓት እንደነበረ አረጋገጠ። ዋናው መንገድ ምን ነበር? ማን የትኛውን ጨዋታ እንደሚዳኝ የሚወስኑት ሰዎች፣ እሺ ባይ ዳኞችን በተፈለገው ቦታ ያስቀምጡ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወረቀት ነበር፣ ተበላሸ። ቁልፍ መጣ፣ ተበላሸ። ነጥብ አሰጣጡ ተቀየረ፣ ተበላሸ። በ28 ዓመት ውስጥ ያልተቀየረው አንድ ነገር ነው፦ ዳኛውን የሚመርጠው፣ ነገ ደግሞ የሚጠራው ወይም የሚተወው፣ ሲያጠፋ የሚመረምረው ያው አንድ ቤት ነው። ዳኛ የሚያስበው ስለ ቦክሰኛው ብቻ አይደለም፤ "ለሚቀጥለው ውድድር ትኬት የሚቆርጥልኝ ማነው?" ብሎም ያስባል። ይሄን ጥያቄ ሳትነኩ የነጥብ ፎርሙን ብታሳምሩት ትርፉ ወረቀት ማባከን ነው። የኦሎምፒክ ኮሚቴውም በመጨረሻ የገባው ይሄው ይመስላል፦ በ2019 የማህበሩን እውቅና አገደ፣ በ2023 ጨርሶ ነጠቀ፣ የቶኪዮንና የፓሪስን ውድድር ራሱ አካሄደ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሶስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ነጥቡ በየዙሩ ይታይ። ቶኪዮ ላይ እንደዚያ ተደርጓል፤ በፕሮፌሽናሉም ደብልዩቢሲ ከ4ኛውና ከ8ኛው ዙር በኋላ የሚነገርበት አሰራር አለው። ተቃዋሚዎቹ "እየመራሁ ነው ያለ ቦክሰኛ መሸሽ ይጀምራል፣ ድራማው ይሞታል" ይላሉ። እንዴ፣ ኳስ ላይ 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን ሰዓት ይገድላል ብለን የውጤት ሰሌዳውን እንሸፍናለን? እየተሸነፈ መሆኑን ያወቀ ሰው ሰብሮ ለመግባት ይሞክራል፤ ድራማ ማለት እሱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ዘጠኝ ዙር ሙሉ የተሳሳተ ዳኛ በስተመጨረሻ ሳይሆን በሁለተኛው ዙር ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የዳኞች ምደባ በዕጣ፣ በአደባባይ፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ይሁን። ማን እንደሚዳኝ አስቀድሞ ያልታወቀን ጨዋታ መግዛት ውድ ነው። ሌብነትን በስብከት ሳይሆን ዋጋውን በማስወደድ ነው የምትቀንሱት።

ሶስተኛ፣ የእያንዳንዱ ዳኛ መዝገብ ለህዝብ ክፍት ይሁን፣ ከባልደረቦቹ በጣም የራቀ ካርድ ያወጣ ደግሞ ምክንያቱን በጽሁፍ ያቅርብ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለተለየ ብቻ ብትቀጡት ሁሉም ከጩኸቱ ጋር መፍረድ ይጀምራል፤ አንዳንዴ እኮ ትክክሉ ብቻውን የቆመው ሰው ነው። ቅጣቱ ለመለየት ሳይሆን ማስረዳት ላለመቻል፣ በአንድ ጨዋታም ሳይሆን በብዙ ጨዋታ ለሚታይ ዝንባሌ ይሁን።

"ጆንስ ምን ጎደለበት? በአራት ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2003 የከባድ ሚዛን ቀበቶ ሳይቀር ወሰደ" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን የጆንስን ስም የምናውቀው ጆንስ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ፣ ካሜራ በሌለበት ሰዓት፣ እንደዚሁ ተፈርዶበት ጓንቱን ሰቅሎ የቀረውን ልጅ ማን ያውቀዋል? የእሱ ክሊፕ የለም። የተረፉትን ብቻ እያየን "ምንም አልሆኑም" ማለት ጉዳቱን አለመቁጠር ነው።

ፓርክም ተጎድቷል። 22 ዓመቱ ላይ በሰፈሩ በድምቀት የሚጨፈርለት ሻምፒዮን መሆን ሲገባው፣ "ሌባ" ለሚል ስድብ ተዳረገ። ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ አልገባም። ብር ሜዳሊያ ቢወስድ ኖሮ የተከበረ ብር ይሆን ነበር፤ የተሰጠው ግን 35 ዓመት የከበደው ወርቅ ነው። የተሳሳተ ፍርድ ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው የሚሰጥ ይመስለናል እንጂ፣ ከሁለቱም ነው የሚቀማው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ "ዳኛ በላው!" የሚል ክሊፕ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ እጁ የተነሳለትን ልጅ ስም እየጠራችሁ አትስደቡት። እሱ አልፈረደም። የሚጠየቁት ዳኞቹን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጧቸው ሰዎች ናቸው። ፓርክ የራሱን ድርሻ፣ የራሱም ያልሆነውን ጨምሮ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከፍሏል። የእነሱ ሂሳብ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው።