ቤዙ ሲራመድ መዝሙሩ እንዳይጠፋ

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንወያየው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሰላም ነው። ዛሬ ግን ስለ ቤዝ ጊታር ልጽፍላችሁ ነው። «የፓስተር ሚስትን ከቤዝ ጊታር ጋር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ ዋጃ ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን አንድ የቤዝ አጨዋወት መዘምራኑን፣ ሽማግሌዎቹንና አንድ ወጣት ባልና ሚስትን ሲያከራክር ሰነበተ። ክርክሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ከሌላ አጥቢያ ከሚመጡ መዘምራን ሰምቻለሁ።

እኔ ቤዝ ተጫዋች አይደለሁም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ትምህርት ወስጃለሁ፤ ከዚያ ወዲህም መዘምራንን ሳለማምድ ብዙ ዓመት ከቤዝ ተጫዋቾች አጠገብ ቆሜአለሁ። የተማርኩትንና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የሚራመድ ቤዝ ምንድን ነው?

በአብዛኛው መዝሙራችን ቤዝ ተጫዋቹ የሚመታው የኮርዱን መነሻ ኖታ ነው። ኮርዱ ዶ ሲሆን ዶ፣ ፋ ሲሆን ፋ ይዞ ይቆያል። «ዎኪንግ ቤዝ» የሚባለው አጨዋወት ግን አይቆምም። በእያንዳንዱ ምት አንድ ኖታ ይመታል፤ አራት ምት ባለው ሙዚቃ በአንድ ቤት ውስጥ አራት እርምጃ ይራመዳል ማለት ነው። ስሙም የመጣው ከዚሁ እርምጃ ነው።

እርምጃዎቹ እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የኮርዱ መነሻ ነው፤ ጉባኤው «አሁን የት ነን?» ሲል መልስ የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከኮርዱ ወይም ከስኬሉ ኖታዎች ይመረጣሉ። አራተኛው ወደሚቀጥለው ኮርድ የሚያስገባ በር ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ከዶ ሜጀር ወደ ፋ ሜጀር ስንሄድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሚ ብለን ፋ ላይ እንገባለን። ከፋ ስንመለስ ደግሞ ፋ፣ ላ፣ ፋ፣ ሬ ብለን ዶ ላይ እናርፋለን። አራተኛዋን እርምጃ ልብ በሉ። ሚ ከፋ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጆሮ ፋ ሳትመጣ ፋን ይጠብቃል።

የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ሲመራ ያየ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ በቦይ በቦዩ እየተመራ ወደታሰበለት እርሻ ይገባል። የሚራመድ ቤዝም እንዲሁ መድረሻውን አስቀድሞ ያውቃል። መድረሻ የሌለው እርምጃ ግን ቦዩን እንደሰበረ ጎርፍ ነው፤ ብዙ ይጮኻል፣ የሚያጠጣው ማሳ የለም።

ከየት መጣ?

ይህ አጨዋወት ያደገው በአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ውስጥ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ ትልቁን ባለ እንጨት ቤዝ ይጫወት የነበረው ዋልተር ፔጅ አራቱንም ምት እኩል እየተራመደ በመጫወቱ ይታወቃል። በዚያው ዘመን የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች የነበረው ቶማስ ዶርሲ በቺካጎ ያን የሙዚቃ ቋንቋ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ገባ፤ ዛሬ የጥቁሮች ጎስፔል የምንለው መዝሙር አባት እየተባለ ይጠራል። እርሱም በዘመኑ «የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ወደ መቅደስ አስገባ» በሚል ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። የእኛ ክርክር አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. «ፕሪሲዥን» የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ካቀረበ በኋላ እርምጃው ወደ ተራው ሕዝብ ሙዚቃ በሰፊው ገባ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1963 እ.ኤ.አ. በተቀረጸው «ኦል ማይ ላቪንግ» ላይ የሚጫወተው ቤዝ ለጀማሪዎች ማስተማሪያ እስከመሆን ደርሷል።

በአገራችን የዋልያስ ባንዱ መላኬ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ለቤዝ ጊታር ትልቅ ስም ያተረፉ ናቸው። ሄኖክ ተመስገን ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ካሳተመው አድማስ ባንድ አባላት አንዱ ነበረ፤ ኋላም አገር ቤት ተመልሶ ወጣቶችን ሙዚቃ አስተምሯል። የዓለሙን መድረክ ሰዎች ስም መጥራቴ እንዳያስገርማችሁ። ወጣቶቻችን ጣታቸውን የሚያፍታቱት እነዚህን እየሰሙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከማንሾካሾክ በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ዋልያሶች በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ቤዙ አንድን ሐረግ እየደጋገመ ሙዚቃውን ይሸከማል። ይህ ከሚራመድ ቤዝ የተለየ ነው፤ ለአገራችን ዜማ ግን ብዙ ጊዜ ይስማማዋል። ቤዝ ለመባል ሁልጊዜ መራመድ አያስፈልግም።

«ይህ ዘፈን ነው!»

አሁን ወደ ጉባኤያችን ልመለስ። ቤዝ የሚጫወተው ወጣት ባል ነው፤ ሚስቱ መሪ ዘማሪ ናት። እርሱ የሚራመድ ቤዝ ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ለወራት ተለማመደ። አንድ እሑድ በአምባሰል ቅኝት በተሠራ የንስሐ መዝሙር ላይ ይራመድ ጀመር። ጉባኤው ተደናገረ፤ ጭብጨባው ተበተነ። ከአምልኮ በኋላ አንድ አባት ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ዘፈን ነው፤ በጌታ ቤት አይሆንም» አሉት። ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱ «ስዘምር መሬቱ ይከዳኛል፤ አንተን ልከተል ስል የለህም» አለችው። ከአባትየው ቃል ይልቅ የእርሷ ቃል ከበደው። ጊታሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ሁለት እሑድ ያለ ቤዝ ዘመርን። በቤታቸውም ዝምታ ገባ።

ለመሆኑ አራት እርምጃ ዘፈን ነውን? በገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» የሚባል ሲሆን፣ ከስካር ጋር የተያያዘውን የሌሊት ፈንጠዝያና ሥርዓት የለሽ ጭፈራ ያመለክታል። ቃሉ የሚነቅፈው ኑሮን ነው፤ ስለ ኖታ አደራደር አይናገርም። በ1ኛ ዜና መዋዕል 15 ላይ ክናንያ ዜማውን እንዲመራ የተሾመው አዋቂ ስለነበረ መሆኑ ተጽፏል። በዚያው ምዕራፍ ስለ በገና ሲነገር የሚገኘው «ሸሚኒት» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ስምንተኛ» ማለት ነው፤ አንዳንድ ተርጓሚዎች ዝቅ ያለውን የድምፅ ወለል ያመለክታል ይላሉ። ወፍራሙ ድምፅ ለመቅደስ እንግዳ እንዳልሆነ የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አባታችን የሰሙትን ነገር አልሳቱም። የተጠቀሙበት ስም ቢያከራክርም፣ እንግዳ የሆነ ነገር መዝሙሩ ውስጥ እንደገባ ጆሯቸው ነግሯቸዋል። ምን ነበረ? አንዲት ኖታ ናት።

ቅኝቱን ጠይቁት

ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ አገር ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ኖታ ብቻ አለው። ከዶ ብንነሣ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እስቲ እዩት፤ ሚ የለችም! ወንድማችን ግን በቪዲዮ እንደተማረው ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሚ እያለ ይራመድ ነበር። ሚስቱ በዜማው ከሬ ፍላት ወደ ፋ ስትዘል ከሥሯ ቤዙ ሚ ይላል። «መሬቱ ይከዳኛል» ያለችው እውነቷን ነው።

መፍትሔው መራመድን መተው አልነበረም፤ በቅኝቱ ውስጥ መራመድ ነው። አምባሰል በውስጡ ሁለት ግማሽ ድምፆች አሉት፤ ሬ ፍላት ከላይ ወደ ዶ፣ ላ ፍላት ከላይ ወደ ሶል ይወርዳሉ። ስለዚህ ከዶ ወደ ሶል ስንሄድ ዶ፣ ፋ፣ የላይኛው ዶ፣ ላ ፍላት ብለን ሶል ላይ እናርፋለን። ስንመለስ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ፋ፣ ሬ ፍላት ብለን ዶ እንገባለን። በሩን ቅኝቱ ራሱ ሠርቶ አስቀምጦልናል።

ትዝታ ሜጀር ግን ሌላ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ውስጥ አንድም ግማሽ ድምፅ የለም። እዚያ ላይ ጃዝ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት ወደ ሶል በፋ ሻርፕ ብትገቡ የትዝታው መልክ ይደበዝዛል። በሚ ወይም በላ ግቡ፤ ይበቃል።

የምቱም ነገር አለ። ብዙዎቹ ፈጣን መዝሙሮቻችን በችክችካ፣ ማለትም በስድስት ምት የሚቆጠሩ ናቸው። አራት እርምጃን እንዳለ አምጥታችሁ ብትጭኑበት ድራሙና እናንተ ትጋጫላችሁ። በችክችካ ዋናዎቹ እግሮች 1 እና 4 ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ሞቅ ሲል 3 ላይና 6 ላይ አጭር መሸጋገሪያ መጨመር ትችላላችሁ። በሠርግ ላይ የራያ ወጣቶች ሲጨፍሩ እግራቸው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ፤ ከብዙ ቪዲዮ የተሻለ ትምህርት ነው።

ቤዝ ለምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች

1. አስቀድማችሁ መዝሙሩን በአፋችሁ ዘምሩት። ዜማውን መዘመር ሳትችሉ ቤዙን አትራመዱ። ቅኝቱን ለዩ፣ አምስቱን ኖታዎች በአራቱም ክሮች፣ በሚ፣ በላ፣ በሬና በሶል ላይ ፈልጓቸው።

2. በዝግታ ተለማመዱ። በደቂቃ 60 ምት ለጀማሪ ጥሩ ነው። አመልካች ጣትና መሐል ጣት እየተፈራረቁ ይምቱ። እያንዳንዱን ኖታ የሚቀጥለው እስኪመጣ ያዙት፤ ቶሎ ከተለቀቀ እርምጃው ያነክሳል።

3. ስትማሩ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚርገበገብ የስልክ ድምፅ ማጉያ በደንብ አያወጣውም። ብዙ ልጆች ሳይሰሙት ነው የሚኮርጁት።

4. መብራት ጠፋ ብላችሁ ልምምድ አትተዉ። ያለ አምፕም ጣት ይሠለጥናል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሞንታርቦውን አታስጩኹት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ቃሉ አይሰማም።

5. መቼ እንደማትራመዱ እወቁ። ስንኙ ሲዘመር መነሻውን ኖታ ይዞ መቆም፣ አዝማቹ ሲደጋገም መራመድ ጥሩ መንገድ ነው። በጸሎት ሰዓት አንድ ረጅም ኖታ፣ አንዳንዴም ዝምታ ይበቃል።

ባልና ሚስት በልምምድ ላይ

በኋላ በአንድ የሐሙስ ምሽት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ያንኑ መዝሙር ሦስት ጊዜ ዘመርነው። በመጀመሪያ ቤዙ በመነሻ ኖታ ብቻ ቆመ። ቀጥሎ እንደ ቀድሞው ከሚ ጋር ተራመደ። በመጨረሻ በአምባሰሉ አምስት ኖታዎች ብቻ ተራመደ። አባታችንም ተጋብዘው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሦስተኛው ሲያልቅ «አሁን ልጁ ከእኛ ጋር ሄደ» አሉ። ሚስትየው ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ዓይኗን ጨፍና ስትዘምር አይተናል። መንገዱ የጠፋባት ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

ሁሉም ነገር ተፈታ ልላችሁ አልችልም። አባታችን ዛሬም በጸሎት ሰዓት እርምጃው አይዋጥላቸውም፤ ወንድማችንም ያን ሰዓት መቆምን ተቀብሏል። ጊታሩ ግን ከተሰቀለበት ወርዷል። የቤቱም ዝምታ የተሰበረው በዚያው ነው፤ አሁን እሑድ የሚዘመረውን መዝሙር ቅዳሜ ማታ እርሷ በአፏ፣ እርሱ ያለ አምፕ አብረው ያጠኑታል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ተሰጥኦ ላይ አስተያየት ስትሰጡ እንደዚህች እህት የምትሰሙትን ነገር ለይታችሁ ተናገሩ። «አትችልም» የሚል ቃል ጊታርን ያሰቅላል። «እዚህ ቦታ ላይ ትጠፋብኛለህ» የሚል ቃል ግን ቢያምም፣ የሚስተካከለውን ኖታ ያሳያል። ሽማግሌዎችም «ዘፈን ነው» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ልጁን አንድ ጊዜ ከልምምድ ላይ ስሙት። ቤዝ ተጫዋቾች ደግሞ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ እኔ ስራመድ አጠገቤ ያለው ሰው መዘመር ቀለለው ወይስ ከበደው? መልሱን የምታገኙት ከዘማሪዎቹ ፊት ነውና ቀና ብላችሁ እያያችኋቸው ተጫወቱ።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።