ሞተርና ታንኳ በአንድ ውኃ

ይህን እትም ስናሰናዳ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ጣና ነው። በሐይቁ ላይ ለሚሄዱ የሞተር ጀልባዎች ጥብቅ ደንብ ይውጣ ወይስ እንዳሉ ይተዉ?

ለደሴት ነዋሪ ሞተር ቅንጦት አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት ከደቅ ደሴት ወደ ሐኪም የሚያደርሳት እሱ ነው፤ ገዳማቱን ሊሳለም የሚሄደው ምእመንም በእሱ ይሳፈራል። «ጨርሶ ይከልከል» የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ግን ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ሲያልፍ ማዕበሉ የሚያርፈው ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ በተቀመጠው አጥማጅ ላይ ነው። የዓሣውም ጉዳይ አለ፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ድሮ በታንኳ የሚጠመደው በዳርቻው ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገቡ አጥማጁ ከዳርቻው ርቆ ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች አፍ ደረሰ። በሌላ ሐይቅ የማይገኙት የጣና ባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ መረብ ጠበቃቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ።

በዳርቻ ፍጥነት ይገደብ፤ በመራቢያ ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን። ደንቡ ሲረቀቅ ግን በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች፣ ጀልባ ነጂዎችና መነኮሳት አብረው ይቀመጡ። የሚከተሉት ጽሑፎች በዚህ አይስማሙም፤ ሁሉንም ሳናለዝብ አትመናቸዋል። በውኃው ዳር የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን።