ከስምንት ዓመት በኋላ የተመለሰው ባል

የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በመጨረሻው ገጽ ላይ ይገናኙና መጽሐፉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ምን እንደ ተነጋገሩ፥ የጠፋው ሰው ስለ ጠፋበት ዘመን ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደ መለሰ የሚነግረን ደራሲ ጥቂት ነው። ሁለተኛውን ክፍል የሚጽፍ ቢገኝም ነገሩን ለማጣፈጥ ስሙን የደበቀ እንግዳ ያስገባበታል፤ አንባቢውም «ይህስ ፈጠራ ነው» ብሎ ይስቃል። ዛሬ ለክቡራትና ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ግን ስሙን የደበቀ እንግዳም፥ ተለያይተው የቈዩ ባልና ሚስትም ያሉበት ሆኖ፥ በፈረንሳይ አገር በእውነት የተፈጸመና ነገሩን በመረመረው ዳኛ እጅ የተጻፈ ነው።

አርቲጋ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ያለች መንደር ናት። ማርቲን ጌር የሚባለው ልጅ ከባስክ አገር መጥቶ በዚያ ከተቀመጠ ቤተ ሰብ የተወለደ ሲሆን፥ በርትራንድ ደ ሮልስ የምትባለውን የባለጠጋ ልጅ አገባ። ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ፤ ሙሽራው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለዱም፤ የአገሩ ሰው ድግምት ተደርጎባቸዋል አለ። ዘመዶቿም ፍቺ ጠይቂ ብለው ቢወተውቷት በርትራንድ እንቢ አለች። ይህን እንቢታዋን አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። በመጨረሻ ጸሎትና ቅዳሴ ተደርጎላቸው ሳንሺ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1548 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንቈጥራለን) ማርቲን ከአባቱ እህል ጥቂት ሰረቀ ተብሎ ተከሰሰና፥ ለሚስቱ አንዲት ቃል ሳይተው ከመንደሩ ጠፋ።

እንግዲህ የበርትራንድን ነገር አስቡት። ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ባል አለኝ እንዳትል ባል የላት፤ መበለት ነኝ እንዳትል ሬሳ አልታየ። የቤተ ክርስቲያኑም ሕግ ባሏ መሞቱ በእርግጥ ካልታወቀ፥ ዓመቱ የቱን ያህል ቢረዝም ሌላ ማግባትን ይከለክላታል። እናቷ የማርቲንን አጎት ፒየር ጌርን ስላገባች የምትኖረው በእንጀራ አባቷ ቤት ነበር። እንዲህ ሆና ስምንት ዓመት ቈየች።

በ1556 ዓ.ም. አንድ ሰው መጣና «ማርቲን ነኝ» አለ። እኅቶቹ ዐውቀው አቀፉት፤ አጎቱም ተቀበለው። በርትራንድ በመጀመሪያ ወደ ኋላ አለች። ሰውየው ግን በመካከላቸው ብቻ የነበረውን ምስጢር ነገራት፤ ሲሄድም በሣጥን ውስጥ የተወውን ነጭ ሐር የተገበረ ሱሪ እንድታመጣለት ጠየቃት። በዚህ ጊዜ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የለም፤ የመታወቂያ ወረቀት የለም፤ ማርቲንም መጻፍ ስለማያውቅ የእጁን ጽሕፈት አስተያይቶ መፍረድ አይቻልም። ሰው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በጎረቤት ትዝታና በገላው ምልክት ነበር። እንግዳው ግን በእውነቱ አርኖ ዲዩ ቲል የሚባል ከሌላ መንደር የመጣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ኋላ ራሱ እንደ ተናዘዘው፥ የማርቲን ወዳጆች በመንገድ አግኝተውት ማርቲን መስሏቸው ሰላምታ ስለ ሰጡት አሳቡ ከዚያ ተጠነሰሰ፤ የቀረውንም እየጠየቀ አጠና። ከበርትራንድ ጋራ ሦስት ዓመት ያህል በሰላም ኖሩ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደው አንዲቱ በሕፃንነቷ ሞተችባቸው።

ሰላሙን ያፈረሰው ፍቅር ሳይሆን ርስት ነው። ሰውየው ከአባቱ መሬት ጥቂቱን ሸጠ፤ አጎቱንም በሌለሁበት ዘመን ያስተዳደርኸውን ንብረት ሒሳብ አሳየኝ ብሎ ከሰሰው። ከዚያ ወዲያ ፒየር ጌር የወንድሙ ልጅ ወንድሙን የማይመስል ሆኖ ታየው። አንድ መንገደኛ ወታደር «እውነተኛው ማርቲን በጦርነት እግሩን አጥቷል» አለ። ጫማ ሰፊውም የማርቲን የእግር ልክ 12 እንደ ነበረ፥ የዚህኛው ግን 9 መሆኑን መሰከረ። አጎቱና የአጎቱ አማቾች ሰውየውን በዱላ ሊገድሉት ሲደበድቡት በርትራንድ በላዩ ወድቃ ተከላከለችለት። በመጨረሻ ግን ፒየር ጌር በርሷ ስም ክስ አቀረበ፤ እርሷም ከቤት ትወጫለሽ ተብላ ስለ ተጨነቀች ከክሱ ጋራ ቆመች። ታዲያ ይህችው ከሳሽ ለተከሳሹ ወደ እስር ቤት ልብስና ገንዘብ ትልክለት ነበር!

በሪዩ ከተማ በ1560 ዓ.ም. በተቀመጠው ችሎት ወደ 150 ምስክሮች ተጠሩ። እኵሌቶቹ ነው አሉ፤ እኵሌቶቹ አይደለም አሉ፤ እጅግ ብዙዎቹ ግን ወዲህም ወዲያም ማለት አልቻሉም። ተከሳሹ በዚያ ቆሞ ወደ በርትራንድ ዘወር አለና፥ ባሌ አይደለም ብላ ከማለች ሞትን እንደሚቀበል ተናገረ። እርሷም ለመማል እንቢ አለች። ዳኛው ሆኖም የሞት ፍርድ ፈረደበት፤ እርሱም ለቱሉዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ።

በቱሉዝ ነገሩን መርምሮ የሚያቀርበው ዣን ደ ኮራስ የሚባል ስመ ጥር የሕግ ሊቅ ነበር። ልጁ ሳንሺ ተከሳሹን አይመስልም፤ የማርቲን እኅቶች ግን ይመስሉታል። ዳኞቹ ይህን ሁሉ መዝነው ወደ ሰውየው ባዘነበሉበት ሰዓት፥ የእንጨት እግር ያለው አንድ ሰው ከደጅ ደረሰ። ማርቲን ጌር ነበር! በስፓኝ አገር በካርዲናል ቤት አገልግሎ፥ ኋላም ከስፓኝ ንጉሥ ሠራዊት ጋራ ሲዘምት በ1557 ዓ.ም. በሳን ካንታን ጦርነት እግሩን አጥቷል። በገዛ አገሩ ንጉሥ ላይ መዝመቱ ነው። እጅግ የሚያስደንቀው፥ ሁለቱ ለየብቻ ስለ ቤታቸው ምስጢር በተጠየቁ ጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ አታላዩ አጥርቶ ማስታወሱ ነው።

እኅቶቹ ግን ባዩት ጊዜ አለቀሱ። በርትራንድም ተንቀጥቅጣ ከፊቱ ወድቃ ይቅርታ ለመነችው። ማርቲን ፊቱን አጠቈረባት፤ አጎቴና እኅቶቼ ቢሳሳቱ ምክንያት አላቸው፥ ሚስት ግን ባሏን ልትስት አይገባትም ብሎ መለሰላት። ዳኞቹ ሊያለዝቡት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለ ቃል የጠፋ ሰው ይህን ለመናገር ከየት አፍ እንዳገኘ ይህን የሚጽፈው እስከ ዛሬ አልገባውም።

በርትራንድ ዐውቃ ነበርን? ናታሊ ዜሞን ዴቪስ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ አዎን፥ ዐውቃ ተባባሪ ሆናለች ይላሉ፤ ሮበርት ፊንሌ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. ይህን ተቃውመው ተታልላለች ብለው ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ስምንት ዓመት ልጅ ሳታገኝ ፍቺን እንቢ ያለችው፥ በችሎት ፊትም መማልን እንቢ ያለችው ያችው አንዲት ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን የዋህ ሆና ተቀብላው ይሆናል፤ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ ግን አላወቀችም ማለት ይከብደኛል። ፍርድ ቤቱ የወንዱን እውነተኛ ስም አጥብቆ ፈለገ፤ ስሟን ሳትለውጥ ልቧን የደበቀችው ግን በርትራንድ ነበረች።

ዳኞቹ እርሷን ተታልላለች ብለው ከበደል ነጻ አወጧት፤ ማርቲንም ሚስቱን ጥሎ በመሄዱ አልተቀጣም። አርኖ በመስከረም ወር በ1560 ዓ.ም. በአርቲጋ በማርቲን ቤት ደጅ ተሰቀለ። ከመሞቱም በፊት ማርቲን በሚስቱ ላይ እንዳይጨክን ለመነው። ኮራስ በ1561 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ወዲያ አይሄድም፤ ባልና ሚስቱ በዚያው በር ገብተው ምን እንደ ተባባሉ አይነግረንም። በሕይወት የተረፈችውን ልጅ ግን፥ እናቷ በቅን ልብ ወልዳታለችና ሕጋዊ ልጅ ናት ብለው ዳኞቹ የተሰቀለውን አባቷን ንብረት ለርሷ ፈረዱላት።