«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት መብራቱን እንይ

ሞያሌም እንሁን መተማ፣ ቶጎ ውጫሌም እንሁን ናይሮቢ ኢስሊ፣ ለብዙዎቻችን የሱቁ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የዱቤ መዝገባችንም፣ የዕቃ ቆጠራችንም፣ የደረሰኞቻችን ማስቀመጫም ሆኗል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስንጫነው ዝም ካለ ድንጋጤው ቀላል አይደለም። የተደናገጠ ሰው ደግሞ ከሁለት አንዱን ይላል፤ «ሞቷል፣ አዲስ እንግዛ» ወይም «ይወሰድና ፎርማት ይደረግ»።

እኔ ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ናቸው እላለሁ። አልነሳ ያለ ወይም በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ኮምፒውተር ሲገጥመን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን መብራቱን ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ቁልፉ ሲነካ ፋኑ እንኳ የማይዞር ሳጥን ግን ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም። ባትሪው ሞቶ አልነሳ ላለ አይሱዙ ጭነቱን እንደ ማራገፍ ነው፤ ጭነቱ ይበተናል፣ መኪናው ግን ያው እንደቆመ ነው። እዚህ ላይ ጭነቱ የሰው ዱቤ ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከግድግዳው። ኮምፒውተሩ የተሰካበት ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ። ሶኬቱ ከሠራ ማከፋፈያውንና ዩፒኤሱን ለጊዜው አስወግዳችሁ የኮምፒውተሩን ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ገመዱንም በሌላ ቀይሩት፤ የስክሪኑ ገመድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ መሞከሪያ ይሆናል። ከሳጥኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ስትጠረግ ተነክታ ጠፍታም ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ድንበር ላይ ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የኬንያው ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ በእኛ በኩል የለመድነው ሁለት ክብ ጥርስ ያለውን ነው። ዕቃው ከወዲያ ማዶ ሲመጣ በርካሽ አዳፕተር እናገናኘዋለን። አዳፕተሩ ሲላላ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል፣ ኮምፒውተሩም በሥራ መሀል ይጠፋል። ስትነኩት የሚሞቅ ወይም የጠቆረ አዳፕተር ካያችሁ ያንኑ ቀን ጣሉት። ብዙዎቹ አዳፕተሮች የመሬት መስመሩንም ይቆርጣሉ፤ ሳጥኑን ስትነኩ ቀለል ያለ ንዝረት የሚሰማችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ይመልከት። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ። በኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ቮልት፣ በኬንያ 240 ቮልት ነው። መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። መቀየሪያ ከሌለው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ ራሱ ያስተካክላል።

መብራቱ ደህና ከሆነ ምልክቱን እንይ። ምንም መብራት፣ ምንም ድምፅ ከሌለ ገመዱን ነቅላችሁ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሴኮንድ ያህል ተጫኑት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና መልሳችሁ ሰኩ። መብራት መጥቶ ሲሄድ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለመከላከል ይቆልፋል፤ ይህ ይፈታዋል። እንዲያም ሆኖ ዝም ካለ ቀድሞ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እሱም ከማዘርቦርድ ይረክሳል፣ በሌላ ለመሞከርም ቀላል ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑን ገመድ፣ ቀጥሎም ራሙን ማየት ነው፤ ራም በአቧራ ወይም በመንገድ ንቅንቅ ከቦታው ይላላል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ይህን አትናቁት፤ ደረሰኙ የተሳሳተ ቀን ይዞ ይወጣል፣ የባንክ ገጽም አልከፈት ይላል።

በሥራ መሀል ድንገት የሚጠፋውስ? ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የሚጠፋ ከሆነ አቧራ የፋኑን መንገድ ዘግቶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲፒዩው ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል፤ እሱ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር ዕቃ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ማተም ሲጀምር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፕሪንተሩን ከዩፒኤሱ ነቅላችሁ ለብቻው ሰኩት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው። ዩፒኤስ ሒሳቡን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ፋታ ይሰጣል እንጂ ቀኑን ሙሉ አያሠራም።

አልጠፋ የሚለውም አለ። ዊንዶውስ ማሻሻያ እየጫነ ከሆነ ታገሡት። ሁልጊዜ የሚያስቸግር ከሆነ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ቅንብር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲበራ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። ከኃይል ቅንብሩ ውስጥ አጥፍታችሁ ሞክሩት። ገመዱን መንቀል ግን ማጥፊያ አይደለም፤ የተከፈተው መዝገብ እየተጻፈ ከሆነ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በመጣ ቁጥር በራሱ የሚነሳውም ጋኔን የለበትም፤ ባዮሱ ውስጥ ያለ ቅንብር ነው።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ እጁን ጆንያው ውስጥ ሳይከት ገንዘብ አይቆጥርም። ገበሬ ባይሆንም ሰሊጡን ያውቃል። ለቴክኒሻኑ፣ በኬንያ በኩል ለፉንዲው፣ «አይሠራም» ብላችሁ ሳጥኑን ከማስረከብ ይልቅ «ሶኬቱንና ገመዱን ሞክሬያለሁ፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው» በሉት። ጨዋው ባለሙያ ሥራው ስለሚቀልለት ይደሰታል፤ ያልሆነውም ያልተበላሸ ማዘርቦርድ ሊሸጥላችሁ ቢያስብ ሁለቴ ያስባል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ ማለትም መብታችሁ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ ሳይገለበጥ ማንም ፎርማት እንዳያደርግ ተናገሩ። ኮምፒውተሩ ባይነሳም ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል።

የማይታለፍ ወሰንም አለ። ሳጥኑን ለማጽዳት ስትከፍቱ አስቀድማችሁ ገመዱን ንቀሉ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። በቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን ለእነሱም ንገሩ።

አዲስ ኮምፒውተር የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ የዛሬው ዝምታ ግን የላላ አዳፕተር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ኮምፒውተሩ ዛሬ ደህና እየሠራ ሳለ የዱቤ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጡ፤ ፍላሹንም ከሱቁ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን ብታደርጉ፣ ቁልፉ ተነክቶ ዝም ያለ ጠዋት የሚያስደነግጣችሁ ነገር አይኖርም።