ከውሃ የሚወጣው ሃይድሮጅን ለምን ተሸነፈ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ከሃይድሮጅኑም ማዳበሪያ መሥራት የታወቀ ኢንዱስትሪ ነበር። የኖርዌዩ ኖርስክ ሃይድሮ ቬሞርክ ላይ በወንዝ ኃይል ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አስዋን ላይ ሥራ የጀመረው የግብፁ ኪማ በዓባይ ኃይል፣ የዚምባብዌው ሴብል ኬሚካልስ ደግሞ በካሪባ ግድብ ኃይል ተከተሉት። ዛሬ የቬሞርኩ ፋብሪካ ፈርሷል፤ ኪማ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል፤ ሴብልም ውሃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቁን እ.ኤ.አ. በ2015 አቁሟል። በዓለም ከሚመረተው ሃይድሮጅን በዚህ መንገድ የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው።

ለውድቀቱ ተጠያቂው ካታሊስቱ፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የኬሚካሉን ሂደት የሚያፋጥነው ነገር፣ አልነበረም። የዚህ ኢንዱስትሪ ዋነኛ ካታሊስት ኒኬል ነው፤ ከፕላቲኒየም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ፋብሪካዎቹን የጣላቸው የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት መውጣት ሲጀምር ሃይድሮጅንን ከጋዝ ማግኘት ረከሰ፤ የወንዙን ኃይል ደግሞ ከተሞችና ሌሎች ፋብሪካዎች ተሻሙበት።

ታዲያ የተሻለ ካታሊስት ምን ያህል ይረዳል? 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት፣ ሙቀት ከውጭ ካልተጨመረ፣ ቢያንስ 39 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም በአንድ ሴል፣ ማለትም ውሃው በሚሰነጠቅበት ክፍል፣ 1.48 ቮልት ማለት ነው። በ2 ቮልት የሚሠራ ሴል 53 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ብክነቱ የሚከፋው ኦክስጅን በሚወጣበት ወገን ነው። ኒኬልን ከብረት ጋር ያዋሃደ ኤሌክትሮድ ተስፋ የሚጣልበትም እዚያ ነው፤ 0.2 ቮልት ቢቀንስ ከኃይሉ አንድ አሥረኛው ይድናል። ከዚህም በላይ ኢሪዲየምን ከመለመን ያድናል። ሌላው የውሃ መሰንጠቂያ ዓይነት፣ የአሲድ ሜምብሬን መሣሪያ፣ የሚፈልገው ይህ ብርቅ ማዕድን በዓመት ከ10 ቶን በታች ይመረታል፤ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ ነው።

ነገር ግን 39ኙን ኪሎዋት ሰዓት የትኛውም ካታሊስት አያስቀርም። የእነዚያ ፋብሪካዎች ዕጣም የተወሰነው በዚህ ወጪ ላይ ነው።

ማዳበሪያዋን ከውጭ የምትገዛው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የዓባይ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2025 ያስመረቀችው ኢትዮጵያ ይህን ልብ ልትል ይገባል። ርካሹ ካታሊስት በምርምር ሊገኝ ይችላል። ለማዳበሪያ የሚሆን ኃይል ለረጅም ዓመታት በተረጋጋ ዋጋ የሚገኘው ግን በመንግሥት ውሳኔ ብቻ ነው፤ ያ ውሳኔ ካልቀደመ የተሻለው ኤሌክትሮድም የአስዋንን ፋብሪካ ዕጣ ከመድገም አያድነንም።